ማን ሾመው? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችና የግቢው በር

(ሸርቆሌ ላይ የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ፋኩልቲያችን የዘንድሮውን የሕዝብ ንግግር ከግቢ አውጥቶ እዚህ እንዲቀርብ በመወሰኑ ደስ ብሎኛል። ደስታዬ ግን ፍርሃት የተቀላቀለበት ነው። የተወለድሁበት ቀዬ ነው፤ በልጅነቴ ፍየል ስጠብቅ የሚያውቁኝ ሰዎች ከፊቴ ተቀምጠዋል። ርእሴም ሩቅ ነው። ከዚህ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስለሚገኝ አንድ ግቢና በዚያ ግቢ ላይ በየዘመኑ ስለ ተሾሙ አለቆች ነው የምናገረው።

ርእሱን የሰጡኝ አባቴ ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ለክረምት ስመለስ፣ አባቴ ስለ ትምህርቴ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። በበርታኛ፣ «የዚያ ትልቅ ትምህርት ቤት አለቃ ማን ነው?» አሉኝ። ስሙን ነገርኋቸው። «ማን ሾመው?» አሉ። «መንግሥት» አልሁ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እናንተና መንግሥት የተጣላችሁ ዕለት ሰውየው የማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሆኖም የአውራጃ ገዢና የቀበሌ ሊቀ መንበር በየተራ ሲመጣና ሲሄድ ያዩ ሰው ነበሩ። ስለ ሹመት የሚያውቁት ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ይህ አገር ስለ ሹመት የቆየ ትዝታ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባለውን ሰፈር ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ በታክሲ አልፈውበታል። ስሙ የማን እንደ ሆነ ግን ስጠይቃቸው ጥቂቶች ናቸው የሚመልሱልኝ። የአሶሳና የአካባቢው ገዢ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በዋና ከተማው ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ሰፈሩ በስማቸው ተጠራ፤ ስማቸውም በከተሜው አፍ ሸጎሌ ሆኖ ቀረ። አባቴ ይህን ነገር ሲተርኩ፣ ከላይ የተሾመ ሰው ሁለት ቤት ያስፈልገዋል፣ አንዱ ከሕዝቡ ዘንድ፣ ሌላው ከሿሚው አጠገብ፣ ይሉ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችን ታሪክ ማጥናት ስጀምር ይህ አባባላቸው ደጋግሞ ይመጣብኝ ጀመር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን አመራር ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው በተከፈቱ ፋኩልቲዎች፣ በተሠሩ ሕንፃዎችና በተመራቂዎች ብዛት ነው። እርሱ አስፈላጊ ነው፤ እኔም አልፎ አልፎ አነሣዋለሁ። የዛሬው መለኪያዬ ግን የተለየ ነው። የታጠቀ ኃይል ወደ ግቢው በመጣ ጊዜ በሩን የመክፈትና የመዝጋት ሥልጣን በማን እጅ ነበር?

ነገሩ የሚጀምረው መጋቢት 11 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ የመረጧቸው ዶክተር ሉሲየን ማት የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆኑ ካናዳዊ ካህን ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ይመሩ ነበር። ታሪክ የምታጠኑ ይህ ምርጫ ሊያስገርማችሁ ይገባል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ስብከት ያስከተለው የእርስ በርስ ጦርነት በአገሪቱ ትውስታ ውስጥ ገና ሕያው ነበር። ስለዚህ እነዚህ መምህራን ሃይማኖታቸውን ሳይሰብኩ፣ የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው እንደ ማንኛውም ሰው ኮትና ሱሪ ለብሰው እንዲያስተምሩ ተደረገ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማንነታቸውን ከበሩ ውጭ አኑረው የገቡ ሰው ነበሩ ማለት ነው። መጀመሪያ ሥላሴ ኮሌጅ የተባለው ተቋም ብዙም ሳይቆይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ፣ በ1946 ዓ.ም. ቻርተር ተሰጠው። ማት ከአሥር ዓመት በላይ በወንበሩ ቆይተዋል።

ከዚያ ታኅሣሥ 1953 መጣ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ የኮሌጁ ተማሪዎችም ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሹማምንት በጥይት ተደበደቡ። ያ ቤተ መንግሥት ከዚያም በፊት ደም አይቷል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሙከራው ከከሸፈ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡ፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተመረቀ። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን፣ የኢንጂነሪንግና የሕንፃ ኮሌጆችን፣ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደርን የጤና ኮሌጅ አንድ ላይ ያዘ።

ስለ ስጦታው ብዙ ተብሏል፤ ከንጉሥ እጅ የወጣ ትልቅ ስጦታ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሰጪው ቻንስለር ሆነው ቀሩ። ዩኒቨርሲቲው በስማቸው ተጠራ፤ በቤታቸው ተቀመጠ፤ ፕሬዚዳንቱን የሚሾሙትም እርሳቸው ነበሩ። በእንግሊዞች ልማድ ቻንስለርነት የምረቃ ቀን ካባ ነው፣ ሥራው የሌላ ሰው ነው። ሆኖም በአፍሪካ በዚያ ዘመን ካባው ብቻውን አይመጣም ነበር፤ በጋና ክዋሜ ንክሩማ የአገር መሪም የዩኒቨርሲቲው ቻንስለርም ነበሩ፤ ምክትል ቻንስለራቸው አየርላንዳዊው ኮነር ክሩዝ ኦብራያንም ስለ አካዳሚያዊ ነፃነት ከእርሳቸው ጋር ሲጋጩ ኖረዋል። እኛ ዘንድ ግጭቱ ወዲያው አልታየም። ከአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሃሮልድ ቤንትሊ ለአጭር ጊዜ መርተው ወንበሩን ለመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ለቀቁ።

ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ፕሬዚዳንቶች ይልቅ ወንበሩን የቀረጹት እርሳቸው ናቸው። ከቄለም ወለጋ ባላባት ቤት የተወለዱ፣ የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ልዕልት ሰብለ ደስታን ያገቡ ሰው ነበሩ። ሿሚው አያት፣ ተሿሚው አማች። ዛሬ እንዲህ ያለ ሹመት በጋዜጣ ብናነብ እንቆጣለን፤ እኔም መጀመሪያ ስጽፍባቸው በቁጣ ጽፌ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ ተረዳሁ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. በሪቻርድ ፓንክረስት መሪነት በቀድሞው ቤተ መንግሥት የተከፈተው በእርሳቸው ዘመን ነው፤ የሕግ ፋኩልቲውም በጄምስ ፖል ዲንነት የጀመረው ያኔ ነው። ወደ ቤተ መንግሥት መግባት የማይቸግረው ሰው ለፋኩልቲዎቹ ገንዘብም ፈቃድም ማምጣት አይቸግረውም ነበር። ተማሪዎቹ በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡትም በእርሳቸው ዘመን ነው። ያ ሰልፍ ዙፋኑን ከሥሩ የሚነካ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ዩኒቨርሲቲው ማስተማሩን ቀጠለ።

በዚያ ዘመን ከተወሰኑት ውሳኔዎች እዚህ ሸርቆሌ ድረስ የደረሰው ግን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በ1956 ዓ.ም. ተወስኖ በተከታዩ ዓመት የጀመረው ይህ ሥርዓት፣ ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም መምህር ሆነው ተመደቡ። አጎቴ የዚያ ሥርዓት ፍሬ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው አሶሳ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ይማሩ ነበር፤ ሒሳብ ያስተማራቸው ከስድስት ኪሎ የመጣ ልጅ ነው። አጎቴ ስለ እርሱ ሲያወሩ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚሉት፤ አንደኛ፣ ጫማው ጭቃ ሲነካው ይናደድ ነበር፤ ሁለተኛ፣ የበርታ ልጅ ሒሳብ አይገባውም ያለውን ሌላ መምህር በክፍሉ ተማሪዎች ፊት ተከራክሮታል። የአገልግሎቱን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ተማሪዎቹ የገበሬውን ኑሮ አይተው አብዮተኛ ሆነው መመለሳቸውን ያወሳሉ፤ እውነት ነው። እኛ ግን ከሌላኛው ወገን ሆነን አይተነዋል።

ልጅ ካሣ ከፕሬዚዳንትነት በኋላ የወለጋ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ ሆኑ። የአሶሳ አውራጃ ያን ጊዜ በወለጋ ሥር ነበር፤ እናም የስድስት ኪሎው የቀድሞ አለቃ የእኛም ገዢ ሆኑ። የእርሻ ሚኒስትርም ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. በደርግ እስር ቤት ሳሉ ተገደሉ።

በሩ መጀመሪያ በግልጽ የተፈተነው በተተኪያቸው በዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ዘመን ነው። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት ከግቢው ብዙም ሳይርቅ በጥይት ተመታ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ ግቢ አምጥተው ከበቡት። የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ገቡ፤ አስከሬኑን ለመውሰድ ተኮሱ፤ ተማሪዎች ሞቱ። ዶክተር አክሊሉ በሥራው ገና አዲስ ነበሩ፤ ትምህርት ያጠኑ፣ በኋላም በዓለም ባንክ የትምህርት ዘርፍ ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙ የተከበሩ ምሁር ናቸው። ስለዚያ ዕለት ሳስብ የሰውየው ጥንካሬ ወይም ድክመት አይደለም የሚታየኝ። ወታደሩ ከቻንስለሩ ነው የተላከው። ፕሬዚዳንቱ የሚቃወሙት ቻንስለራቸውን፣ ሿሚያቸውን፣ የቤቱን ባለቤት ሊሆን ነው። የአባቴ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው።

ለንጽጽር ከዚያ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በሜክሲኮ የሆነውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ወታደሮች ትምህርት ቤት ሰብረው ሲገቡ የብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ሬክተር ኀቪየር ባሮስ ሲዬራ ሰንደቅ ዓላማውን ዝቅ አድርገው አውለበለቡ፤ ነሐሴ መባቻ ላይም ራሳቸው ከተማሪዎች ፊት ሆነው ሰልፍ ወጡ። መስከረም ላይ ጦሩ ዩኒቨርሲቲውን ሲይዝ መልቀቂያቸውን አስገቡ፤ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ አልቀበልም አላቸው። ሬክተሩ ይህን ለማድረግ የቻሉት ደፋር ስለ ነበሩ ብቻ አልነበረም። ከኮርዶባ፣ አርጀንቲና፣ እ.ኤ.አ. በ1918 የተነሣው የላቲን አሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝነት ባህል ከኋላቸው ነበር፤ መልቀቂያቸውን የሚቀበለውም የማይቀበለውም የአገሪቱ መሪ ሳይሆን የራሳቸው ተቋም ቦርድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ እንዲህ ያለ ቦርድ አልነበራቸውም።

የደርግን ዘመን ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ፤ ስለ በሩ የሚነግረን አዲስ ነገር ጥቂት ነውና። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። የንጉሠ ነገሥቱ ስም ተነሥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ቻንስለሩ ቢወገዱም የቻንስለሩ ልማድ ቀረ፤ ሹመቱ ከላይ መምጣቱን አላቆመም። ከዶክተር ታዬ ጉልላት ቀጥሎ ዶክተር ዱሪ መሐመድ፣ ከእርሳቸው ቀጥሎ ዶክተር አቢይ ክፍሌ መሩ። ቀይ ሽብር ከዚህ ግቢ የወሰደውን ትውልድ ለዛሬ አላነሣውም፤ ለእርሱ አንድ ንግግር አይበቃም።

መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲለወጥ ፕሮፌሰር ዓለማየሁ ተፈራ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔና የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ጋሊን ጉብኝት በመቃወም ሰልፍ ወጡ፤ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ሰው ሞተ፤ ግቢው ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ ከቦታቸው ተነሡ። ከጥቂት ወራት በኋላ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ገደማ ታዋቂውን የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ 42 መምህራን ተሰናበቱ። ወደ ወንበሩ የተመለሱት ማን ነበሩ? ዶክተር ዱሪ መሐመድ። አንድ ሰው በደርግም፣ ደርግን ባሸነፈው መንግሥትም በአንድ ወንበር ላይ መሾሙን ብዙዎች የግል ብልሃት አድርገው ያወራሉ። እኔ ግን ስለ ወንበሩ ነው የምረዳው፤ ሁለቱ መንግሥታት በብዙ ነገር ቢለያዩም ከዚያ ወንበር የሚፈልጉት ነገር ተመሳሳይ ነበር።

ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ቀጠሉ፤ የምግብ ማይክሮባዮሎጂ ሊቅ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ የስታቲስቲክሱ ፕሮፌሰር እሸቱ ወንጨቆ መጡ። ሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በቀጥታ ስለ በሩ ነበር፤ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ አሉ። ፖሊስ በሌሊት የመኝታ ክፍሎችን ሰብሮ ገባ፤ ረብሻው ወደ ከተማው ወጣ፤ በርካታ ሰዎች ሞቱ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ ግቢ ያልተለመደ ነገር ሆነ፦ ፕሮፌሰር እሸቱና ምክትሎቻቸው መንግሥት በዩኒቨርሲቲው ሥራ ጣልቃ መግባቱን ተቃውመው በገዛ ፈቃዳቸው ከሥልጣን ለቀቁ። ጩኸት አልነበረውም። በግሌ ግን ከብዙ የተመረቁ ሕንፃዎች ይልቅ ያንን መልቀቂያ እንደ ቅርስ እቆጥረዋለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ፤ በሌሎች ላይ ብቻ ስፈርድ አምሽቼ መሄድ አይገባም። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ተቋም ዲን ነበርሁ። አንድ ሌሊት፣ ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ስልክ ተደወለልኝ። የታጠቁ ሰዎች በር ላይ ናቸው፣ የተማሪዎችን መኝታ መፈተሽ ይፈልጋሉ፣ ጥበቃው ማንን እንስማ ይላል። «ይግቡ» አላልሁም። «አይግቡ»ም አላልሁም። «ከበላይ ይጠየቅ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በሩ ተከፈተ። ማለዳ ስደርስ ሁለት ተማሪዎች የሉም ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ተመለሱ፤ አንደኛው እስኪመረቅ ድረስ ሰላም አላለኝም። ማንም ስለዚያ ሌሊት ጠይቆኝ አያውቅም። ዶክተር አክሊሉን የምረዳቸውም፣ ፕሮፌሰር እሸቱን የማከብራቸውም ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. በኋላ የመጡት ፈላስፋው ፕሮፌሰር እንድርያስ እሸቴ ረጅም ጊዜ መሩ፤ የዶክትሬት ትምህርት በስፋት የተከፈተው በእርሳቸው ዘመን ነው። እኔም የዚያ ዘመን ተጠቃሚ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ እርሳቸው ስናገር ሚዛኔ ትንሽ ሊያዘነብል ይችላል። ከዚያ ዶክተር አድማሱ ፀጋዬ፣ ቀጥሎ የምጣኔ ሀብቱ ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃና መጡ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሴት ፕሬዚዳንት አለመኖሯን የሚጠይቅ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ዛሬ ካለ ደስ ይለኛል።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ቁጥር 1294 አዲስ ምዕራፍ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ብዙዎቻችን አዋጁን የምናነበው ስለ ገንዘብ ነው፤ ተማሪ ምን ያህል ይከፍላል፣ ዩኒቨርሲቲው ገቢውን ከየት ያገኛል እያልን። አግባብ ነው፤ የሸርቆሌ ልጅ በዚያ ክፍያ ስድስት ኪሎ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ እኔንም ያስጨንቀኛል። ግን አዋጁን ስታነቡ ስለ በሩም ፈልጉ። ራስ ገዝ የተባለው ተቋም ፕሬዚዳንት ሌሊት ስልክ ሲደወልለት «አይግቡ» ቢል፣ ጠዋት ወንበሩ ላይ ያገኘዋል? ይህን የምለው ለአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ዛሬ በአገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ከእነርሱ አንዱ ነው። ሴኔቱን፣ ዲንነቱን፣ ካባውንም ከስድስት ኪሎ ነው የወሰድነው። የፕሬዚዳንቱን ወንበርም እንዲሁ፣ ከነ ጥያቄው።

አባቴ ስድስት ኪሎን ሳያዩ አረፉ። አጎቴ ግን እዚህ አሉ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። በ1960ዎቹ ያ ጫማው ጭቃ የማይወድ መምህር ያረመላቸውን የሒሳብ ደብተር እስከ ዛሬ ጠብቀው አቆይተውታል፤ ሽፋኑን ምስጥ በልቶታል፣ ቀይ ቀለሙ ግን ይነበባል። ዛሬ ይዘውት መጥተዋል፤ ከጥያቄና መልሱ በኋላ ማየት የምትፈልጉ ወደ እርሳቸው ቅረቡ፤ እጃችሁን ግን ታጥባችሁ።